ዴስክቶፑ ወደ ሰርቨር ክፍል የሄደበት መንገድ

ሥራዬ ኔትወርክ መዘርጋትና ሰርቨር መትከል ነው። ከዚያ ውስጥ አብልጬ የምወደው አንድ ሥራ አለ። በቢሮ ሠራተኛው እግር ሥር ያለውን ኮምፒዩተር አንሥቼ፣ ዊንዶውሱን፣ ፕሮግራሞቹንና ፋይሎቹን ሰርቨር ክፍል አስገብቼ፣ ሰውየው ፊት ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማውዝና አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቻ እንዲቀሩ አደርጋለሁ። ሳጥኗን ቲን ክላይንት እንላታለን።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሥራ ላስረዳ በገባሁባቸው ቢሮዎች “አዲስ ነገር ስለሆነ እስኪለመድ ትንሽ እንቆይ” የሚል ኃላፊ አይጠፋም። አዲስ አይደለም። ሐሳቡ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጠው ኮምፒዩተር በዕድሜ ይበልጣል። ይህን ታሪክ የማያውቅ ባለሙያ ደግሞ ሌሎች ከብዙ ዓመት በፊት የከፈሉትን ዋጋ እንደገና ሲከፍል አይቻለሁ፤ የምጽፈውም ስለዚህ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

አንድን ትልቅ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰው ለማዳረስ ከጥንት ጀምሮ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሰፊ ቤት ሠርቶ ሁሉንም እዚያው ማስገባት ነው፤ ሳሎኑም ማድቤቱም የጋራ ይሆናል። ሌላው በአንድ ግቢ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው በሩ የየራሱ የሆነ ቤት መሥራት ነው። የሙያችን ታሪክ በነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል ሲመላለስ የኖረ ነው።

የጋራው መንገድ ቀደመ። በ1961 ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ አንድ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ሲያገለግል አሳዩ። የኮምፒዩተሩ አእምሮ ከአንዱ ሰው ሥራ ወደ ሌላው በፍጥነት እየተዘዋወረ፣ ሁሉም ብቻውን የተቀመጠ እስኪመስለው ድረስ ያስተናግድ ነበር። ሁለተኛው መንገድ የተጀመረው እዚያው ከተማ፣ ካምብሪጅ ማሳቹሴትስ ውስጥ በሚገኘው የአይቢኤም የምርምር ማዕከል ነው። ኮርባቶ ዘንድ ሠርቶ የመጣው ሮበርት ክሪሲና ጓዶቹ ሲፒ-40 የሚባል ሥርዓት ጻፉ፤ በ1967 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። እነሱ ማሽኑን ለሰዎች አላካፈሉም። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ከእውነተኛው የአይቢኤም ሲስተም/360 ኮምፒዩተር የማይለይ፣ ግን በሶፍትዌር ብቻ የተፈጠረ ሙሉ ኮምፒዩተር ሰጡት። 14 እንዲህ ያሉ ማሽኖች በአንድ ብረት ላይ ይሠሩ ነበር። አንዱ ሰው ማሽኑን ቢያበላሽ ሌላው አይሰማውም። አይቢኤም በ1972 ይህንኑ ቪኤም/370 ብሎ ለደንበኞች አቀረበው።

ከዚያ በ1981 የአይቢኤም ፒሲ ወጣ፤ ኮምፒዩተር ከማሽን ክፍል ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ለሠራተኛው ነፃነት ነበር። ለእኛ ለሚተክሉትና ለሚጠግኑት ግን እያንዳንዱ ጠረጴዛ የየራሱ ጣጣ ሆነ። እኔ ሙያውን የጀመርኩት ሲዲ ይዤ ከፎቅ ወደ ፎቅ በመውጣት ነው፤ አንዱን ፎርማት ሳደርግ የሌላው ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። በእኛ አገር ደግሞ የፊደል ነገር ነበረበት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ቢሆንም፣ ማይክሮሶፍት የአማርኛ ኪቦርድና ኛላ የሚባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ያወጣው በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው ቢሮ የሚሠራው በላቲን ፊደል ቦታ ላይ በተደረቡ ፎንቶች ነበር። አንዱ ክፍል የጻፈው ደብዳቤ ያ ፎንት የሌለው ክፍል ሲደርስ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይከፈታል። ሁሉም ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት ፎንት እንዲኖር ለማድረግ ብቻ ሕንፃውን ስንዞር እንውል ነበር።

ዴስክቶፑን ወደ ማሽን ክፍል የመለሰው ሰው ኤድ ያኮቡቺ ይባላል። ቦነስ አይረስ ተወልዶ አሜሪካ የሠራ መሐንዲስ ነው። አይቢኤም ውስጥ፣ ከማይክሮሶፍት ጋር በጋራ ይሠራ በነበረው ኦኤስ/2 የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ መሪ ነበር። አንድ ኦኤስ/2 ብዙ ሰው ያስተናግድ የሚለውን ሐሳቡን አይቢኤም አልተቀበለውም፤ እሱም በ1989 ወጥቶ ሲትሪክስን መሠረተ። የመጀመሪያ ምርቱ በ1991 ሲወጣ ማይክሮሶፍት ኦኤስ/2ን ትቶ ወደ ዊንዶውስ ዞሮ ነበር። ኩባንያው የቆመበት መሬት ከሥሩ ተነሣ ማለት ነው። ያኮቡቺ ግን አልተወም፤ ከማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ኤንቲን ምንጭ ኮድ የመጠቀም ፈቃድ አግኝቶ በ1995 ዊንፍሬምን አወጣ። አንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ሰው ገብቶ፣ እያንዳንዱ የራሱን የዊንዶውስ ገጽ እያየ መሥራት ቻለ። በኬብሉ የሚያልፈው የስክሪኑ ለውጥና የኪቦርዱ ምት ብቻ ስለሆነ በቀጭን የስልክ መስመር ሳይቀር ያስኬድ ነበር። ቅርንጫፎቹ በደካማ መስመር ለተያያዙ ድርጅት ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው የሠራበት ሰው ነው።

በየካቲት 1997 ማይክሮሶፍት ይህንኑ ራሱ ሊሠራው እንዳሰበ ሲሰማ የሲትሪክስ አክሲዮን ዋጋ ከግማሽ በላይ ወደቀ። ድርድሩ እስከ ግንቦት ቆየና ማይክሮሶፍት ቴክኖሎጂውን ለመጠቀም 75 ሚሊዮን ዶላር ወዲያውኑ፣ እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ በኋላ ሊከፍል ተስማማ። የዚያ ስምምነት ፍሬ፣ በሥራ ስሙ ሃይድራ ይባል የነበረው የዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ተርሚናል ሰርቨር በ1998 ወጣ። ዛሬ ከሩቅ ዴስክቶፕ ለመግባት ሁላችንም የምንጠቀምበት አርዲፒና 3389 የሚባለው የመግቢያ ቁጥሩ የመጡት ከዚያ ዘመን ነው።

ዊንዶውስ ግን ለአንድ ሰው ታስቦ የተሠራ ነበር፤ የጋራው መንገድ ችግር እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሞቹ ቅንብራቸውን አንድ የጋራ ቦታ ይጽፋሉ፤ አንዱ ያስተካከለው የሌላውን ያጠፋል። ስለዚህ ሶፍትዌር ከመጫናችን በፊት ሰርቨሩን “ቼንጅ ዩዘር ኢንስቶል” በሚል ትእዛዝ ለመጫን እናዘጋጀዋለን፤ ስንጨርስ እንመልሰዋለን። ያቺን መስመር የዘለለ ባለሙያ ችግሩን የሚያየው በማግስቱ፣ ሰዎች በአንድ ላይ ሲገቡ ነው። ፕሪንተሩም ቀላል አልነበረም፤ አንድ የማይስማማ ድራይቨር የሁሉንም ሠራተኛ ኅትመት ሊያቆም ይችላል። ያም ሆኖ ፎንቱን ሰርቨሩ ላይ አንድ ጊዜ ጭነነው ከግምጃ ቤት እስከ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድረስ ፊደሉ አንድ ሲሆን የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም። ሕንፃውን መዞር ያን ቀን ቆመ።

ቀጥሎ የመጣው ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ማሽን የሚለው የድሮ ሐሳብ ነው። ይህ በፒሲ ላይ እንዳይቻል የሚያደርግ አንድ እንቅፋት ነበር። ፖፔክና ጎልድበርግ በ1974 በጻፉት ጥናት፣ አንድ ማሽን በሶፍትዌር ሊመሰል የሚችለው አደገኛ ትእዛዞቹ ሁሉ የሚያስመስለው ተቆጣጣሪ ፕሮግራም እጅ ላይ የሚወድቁ ከሆነ ነው ብለው መስፈርት አስቀመጡ። የኢንቴል ፔንቲየም 17 ትእዛዞች ግን ይህን አያሟሉም ነበር። ፖፕኤፍ የሚባለው ለምሳሌ፣ ሥልጣን የሌለው ፕሮግራም ሲጠራው ጥያቄውን በከፊል ችላ ብሎ ያልፋል፤ ተቆጣጣሪው የሆነውን አያውቅም። በ1998 ፓሎ አልቶ ውስጥ ዳያን ግሪን፣ ሜንደል ሮዘንብሉም፣ ኤድዋርድ ዋንግ፣ ስኮት ዲቫይንና ኤዱዋር ቡኞን ቪኤምዌርን መሥርተው መፍትሔ አመጡ። አስቸጋሪዎቹን ትእዛዞች ፕሮግራሙ እየሮጠ ሳለ በሌላ ይተኩ ጀመር። በ1999 ለግል ኮምፒዩተር፣ በ2001 ለሰርቨር አወጡት። ኢንቴል በ2005 መገባደጃ፣ ኤኤምዲ በ2006 ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን እርዳታ ሲፒዩው ውስጥ አስገቡት።

ሰርቨር ላይ ሰርቨር ማስመሰል ከተቻለ ዴስክቶፕስ ለምን አይቻልም? ቪኤምዌር በ2008 ቪው የሚለውን አወጣ፤ ሲትሪክስም በዚያው ዓመት ዜንዴስክቶፕን ይዞ መጣ። አተካከሉ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። የድርጅቱ አክቲቭ ዳይሬክተሪና ዲኤንኤስ ጤናማ መሆናቸው ይረጋገጣል። አንድ ዊንዶውስ ተጭኖ፣ ተጠርጎና ተስተካክሎ እናት ምስል ይሆናል፤ ሰርቨሩ እንዲያገኘው ኤጀንት የሚባለው ፕሮግራም ይጫንበታል። ከዚያ ስናፕሾት፣ ማለትም የዚያች ቅጽበት ቅጂ፣ ይወሰድለታል። ከሱ መቶ ዴስክቶፕ ይወለዳል፤ እያንዳንዱም ከእናቱ የተለየበትን ብቻ ስለሚጽፍ ዲስክ ይቆጥባል። በመጨረሻም ማን የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ይፈቀዳል።

ይህ ሁሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲሞከር ያምር ነበር፤ የመጀመሪያው ወጥመድ የሚታየው ሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ ነው። መቶ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሲገባ መቶ ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ ይነሣል። በደቂቃ 7,200 ዙር የሚሽከረከር ዲስክ በሰከንድ ከመቶ ብዙም የማይበልጥ ትንንሽ ጥያቄ ነው የሚያስተናግደው፤ አንድ ዊንዶውስ ሲነሣ ብቻውን ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። በየጠረጴዛው መቶ ዲስክ የሠራውን፣ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ያሉ ስምንት ዲስኮች እንዲሠሩት ተጠየቁ። ጎተራው ሰፊ ሆኖ በሩ ጠበበ። ሲፒዩውና ሜሞሪው ቁጭ ብለው እያሉ ሠራተኛው ጥቁር ስክሪን ሲያይ ይቆያል፤ “የድሮው ኮምፒዩተሬን መልሱልኝ” ይላል፤ እውነቱንም ነው። የዚያ ዘመን ብዙ ሥራ የከሸፈው የዲስኩ ስፋት ታይቶ ፍጥነቱ ስላልተለካ ነው ብዬ አምናለሁ። ያዳነን ኤስኤስዲ የሚባለው የማይሽከረከር ዲስክ መርከስ ነው። ከዚያ በፊት ግን ማሽኖቹን ሠራተኛ ሳይመጣ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምረን በተራ በተራ እናስነሣቸው ነበር።

ሁለተኛው የተለመደ ወጥመድ አድራሻ ነው። ማሽኖቹ ከአንድ ቀን አገልግሎት በኋላ ተደምስሰው በአዲስ የሚተኩ ከሆነ፣ እያንዳንዱ አዲስ ማሽን አዲስ አይፒ አድራሻ ይወስዳል። የማይክሮሶፍት ዲኤችሲፒ አድራሻ አንዴ ከሰጠ ካልነኩት ለስምንት ቀን ይይዘዋል። 254 አድራሻ ባለው ኔትወርክ ላይ መቶ ዴስክቶፕ በየቀኑ ቢተካ በሦስተኛው ቀን የሚሰጥ አድራሻ ያልቃል። የቆይታውን ጊዜ ወደ ጥቂት ሰዓት ማውረድ ይበቃል፤ ግን አስቀድሞ ነው።

ሦስተኛው የእኛው ነው። የዊንዶውስ መግቢያ ማረጋገጫ ኬርቤሮስ በሁለት ማሽኖች መካከል ከአምስት ደቂቃ የበለጠ የሰዓት ልዩነት ካየ አያስገባም። እኛ ደግሞ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ስክሪኑ የኢትዮጵያን ሰዓት እንዲያሳይ ብሎ የሰርቨሩን ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልስ ሰው ያጋጥማል። ቨርቹዋል ማሽኖቹ ሰዓታቸውን ከተሸካሚው ሰርቨር የሚወስዱ ከሆነ የአንዱ ሰርቨር ለውጥ ብዙ ዴስክቶፕ ላይ ይደርሳል፤ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚገባ አይኖርም። በተከልኩበት ቢሮ ሁሉ ሰዓቱ አንድ ምንጭ እንዲኖረውና ከአስተዳዳሪው በስተቀር ማንም እንዳይነካው አጥብቄ የማሳስበው ለዚህ ነው።

ለአዲስ አበባ ሠራተኛ የዚህ ሥራ ትልቁ ስጦታ ግን መብራት ሲጠፋ ይታያል። ድሮ መብራት ሲሄድ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ይሄዳል፤ የግማሽ ቀን የሒሳብ መዝገብ ሲጠፋ አንዲት ገንዘብ ያዥ ስታለቅስ ቆሜ አይቻለሁ። አሁን ሰርቨር ክፍሉ በዩፒኤስና በጄኔሬተር እስከቆመ ድረስ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሳጥን ብትጠፋም ዴስክቶፑ አልጠፋም። መብራት ሲመለስ ገንዘብ ያዧ ገብታ፣ መስመሩን ካቆመችበት ትቀጥላለች። በየፎቁ ያለው ስዊችም ዩፒኤስ ይፈልጋል፤ አለበለዚያ ጄኔሬተሩ ቢነሣም መንገዱ ጨለማ ነው።

ከቪውና ከዜንዴስክቶፕ ወዲህ ያለው ታሪክ ገና ስላልረጋ በአጭሩ ልለፈው። ማይክሮሶፍት በመስከረም 2019 ዴስክቶፑን ከራሱ ዳታ ሴንተር ማከራየት ጀመረ፤ አንድ ዊንዶውስ 10 ብዙ ሰው እንዲያስተናግድም ፈቀደ። የጋራው መንገድ እንደገና ተመለሰ ማለት ነው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ሠራተኛውን ቤቱ ሆኖ ወደ ቢሮው ዴስክቶፕ ማስገባት በዓለም ዙሪያ የአስቸኳይ ሥራ ሆነ። ሲትሪክስ በ2022 ከአክሲዮን ገበያ ወጥቶ በግል ባለሀብቶች ተያዘ። ቪኤምዌርን ብሮድኮም በ2023 ገዛው፤ የዴስክቶፑ ክፍል ተነጥሎ ተሸጠና ዛሬ ኦምኒሳ ይባላል። ፈቃድ በየዓመቱ በዶላር የሚከፈል ሲሆን የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ለሚጠብቅ ድርጅት ጭንቀቱ ከባድ ነው፤ ዴስክቶፑ ውቅያኖስ ማዶ ሲቀመጥ ደግሞ እያንዳንዱ የኪቦርድ ምት ያን ርቀት ደርሶ መልስ ይጓዛል።

በአሁኑ ሰዓት አንድ ድርጅት ውስጥ ለየሰው የተሰጡትን ዴስክቶፖች ወደ ጋራ ሰርቨር እየመለስኩ ነው። ከመጀመሬ በፊት ከየክፍሉ ሠራተኞች ጎን ተቀምጬ ምን እንደሚከፍቱና ምን እንደሚያትሙ አየሁ። አብዛኞቹ ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት በአንድ ዓይነት የሒሳብ ፕሮግራምና በወርድ ስለሆነ የየራሳቸው ዊንዶውስ አያስፈልጋቸውም። የሥዕል ሶፍትዌር የሚጠቀሙትን መሐንዲሶችና አሮጌ ፕሮግራም ከነሙሉ ሥልጣኑ የሚፈልገውን የደመወዝ ክፍል ግን አልነካኋቸውም፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ማሽን አላቸው።