ያለ ማባዣ የተሰላ ሞገድ



ሞተርን ሳያንገጫግጭ የሚነዳ ዲጂታል መቆጣጠሪያ በየቅጽበቱ የሳይንና የኮሳይን ዋጋ ይሻል። ዛሬ ፕሮግራም ጸሐፊው አንድ ትእዛዝ ጽፎ ያልፋል። ከትእዛዙ ጀርባ ካሉት ስልቶች አንዱን በ1956 እ.ኤ.አ. የቀየሰው፣ ኮንቬየር በተባለ የአሜሪካ አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ ያገለግል የነበረው ጃክ ቮልደር ነው። ዓላማው በቢ-58 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን የአቅጣጫ መምሪያ ኮምፒዩተር ውስጥ የነበረውን አናሎግ መሣሪያ በዲጂታል መተካት ነበር። የዘመኑ ማባዣ ሰርኪዩት ግን ውድና ግዙፍ ነበር።

ስልቱን ባጭሩ ላስረዳ። አንድን ቬክተር መጀመሪያ በ45 ዲግሪ፣ ቀጥሎ በ26.57፣ ከዚያም በ14.04 እያሉ፣ ወደሚፈለገው ማእዘን እስኪጠጋ ወዲያና ወዲህ ማዞር ነው። ማእዘኖቹ የተመረጡት ታንጀንታቸው አንድ፣ ግማሽ፣ ሩብ እያለ እንዲወርድ ነው፤ ለሁለት ማካፈል ደግሞ ለኮምፒዩተር ቢቶችን አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ማሸጋሸግ ብቻ ነው። የቀረው መደመርና መቀነስ ነው። ቬክተሩ በየዙሩ እየረዘመ በመጨረሻ ወደ 1.647 እጥፍ ያድጋል፤ ይህ ግን አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ከመነሻው ይስተካከላል።

ቮልደር ሥራውን በ1959 እ.ኤ.አ. ኮርዲክ በሚል ስም አሳተመ፤ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤችፒ-35 የኪስ ማስሊያም ተጠቀመበት። የዲጂታል ቁጥጥርን ታሪክ የፈጣን ማሽኖች ታሪክ ብቻ አድርጎ ማስተማር እኔን አያሳምነኝም። ማባዣ ከረከሰ በኋላ እንኳ፣ ለሞተር ቁጥጥር በሚውሉት የኤስቲኤም32ጂ4 ቺፖች ውስጥ ኮርዲክ ራሱን የቻለ ክፍል ተሰጥቶታል።