ውዝዋዜን ለዓለም ጉባኤ ማዘጋጀት፤ ከእንጦጦ ግርጌ የሚነሣ ታሪክ

ውዝዋዜ በሚከናወንበት ጊዜ ብቻ የሚኖር ጥበብ ነው። ዓለም አቀፍ ጉባኤ ግን የሚጠይቀው ወረቀት ነው፤ ርእስ፣ አኅጽሮተ ጽሑፍና በደቂቃ የተወሰነ ንግግር። ስለዚህ ጥናቱን የሚያዘጋጅ ባለሙያ ምን እንደሚጽፍ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚተውም መወሰን አለበት። የኢትዮጵያ ውዝዋዜ ለውጭው ዓለም የቀረበበት ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ ከውሳኔዎቹ ሁሉ ከባዱ ለሚታየው ነገር የሚሰጠው ስም ነው።

ታሪኩ የእንጦጦን ተራራ ከኋላው አድርጎ በስድስት ኪሎ ከሚገኘው ከቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ መጽሔቱም በዚያው ዓመት መታተም ጀመረ። በ1965 ጅዮርጅ ማርቲን የተባለ የውዝዋዜ ተመራማሪና ባሊንት ሻሮሺ የተባለ የሙዚቃ ተመራማሪ ከሃንጋሪ መጥተው በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች ጥናት አካሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲደረግ፣ ሻሮሺ ስለ ኢትዮጵያ ሕዝቦች የዜማ ቅርጽ ያዘጋጀው ጽሑፍ ከጉባኤው ጥናቶች አንዱ ሆነ። የማርቲን ጥናት ደግሞ «የውዝዋዜ ዓይነቶች በኢትዮጵያ» በሚል ርእስ በዓለም አቀፉ የሕዝብ ሙዚቃ ማኅበር መጽሔት በ1967 ታተመ።

የማርቲን ጽሑፍ አምስት ገጽ ብቻ ነው። የእነዚህ ገጾች ጥቅም የሚናቅ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ውዝዋዜ በሌላው ዓለም ተመራማሪ ዘንድ የሚጠቀስና ከሌሎች ጋር የሚነጻጸር ጉዳይ እንዲሆን አግዘዋል። ይሁን እንጂ የአንድ ሰፊ አገር ጭፈራ በዓይነት ተከፍሎ በአምስት ገጽ ሲጠቃለል የጨፋሪው ስም፣ የጨፈረበት ቀንና ምክንያት ቦታ ሊያገኙ አይችሉም። ይህ የአንድ ሰው ጉድለት ሳይሆን የጉባኤ ጽሑፍ ባሕርይ ነው።

የስያሜ ችግር ጐልቶ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ቲቦር ቫዳሺ የኢትዮጵያን የሕዝብ ውዝዋዜ የሚመለከቱ ሦስት ተከታታይ ጽሑፎች በ1970፣ በ1971 እና በ1973 በተቋሙ መጽሔት አሳተመ። ሥራው ብዙ ድካም የተደረገበትና እስከ ዛሬም የሚጠቀስ ነው። የሦስተኛው ክፍል ርእስ ግን የኦሮሞን ሕዝብ የጠራው ሕዝቡ ራሱን በማይጠራበትና በማይቀበለው ስም ነበር። በዘመኑ የተለመደ አጠራር መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም የታተመ ርእስ ስለማይፋቅ፣ ጽሑፉን ዛሬ የሚጠቅስ ሁሉ ያንን ስም አብሮ ለመጥቀስ ይገደዳል።

ሁለተኛው ችግር እንቅስቃሴን በምልክት መጻፍ ነው። ሩዶልፍ ላባን በ1928 ያወጣው የእንቅስቃሴ አጻጻፍ ዘዴ ከታች ወደ ላይ የሚነበብ ሲሆን፣ መካከለኛው ዐምድ የሰውነትን ክብደት ለሚሸከመው አካል፣ አብዛኛውን ጊዜም ለእግር፣ የተመደበ ነው። በእስክስታ ግን እግር ብዙ ሳይንቀሳቀስ ዋናው ሥራ በትከሻና በደረት ይከናወናል። አጻጻፉ ይህንንም መመዝገብ ይችላል፤ ነገር ግን የውዝዋዜው እምብርት በገጹ ጠርዝ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ምልክቱ ከፊልምና ከቃል ማብራሪያ ጋር ካልቀረበ፣ ትከሻ የሚናገረውን አንባቢ በእግር ሊፈልገው ይችላል።

ለዚህ ሁሉ በእንጦጦና በየካ የሚከበረው ጥምቀት ጥሩ መፈተኛ ነው። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ከየአጥቢያው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ ብዙዎቹ በማግስቱ ሲመለሱ የየካው ቅዱስ ሚካኤል ጥር 12 ቀን ይመለሳል። በዚህ መንገድ ላይ ሊቃውንቱ በአቋቋም ሥርዓት ያሸበሽባሉ። በቁም ዜማ መሣሪያ አይነካም፤ በዝማሜ መቋሚያው ዜማውን ተከትሎ ይወዛወዛል፤ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በጽፋት ምቱና ጭብጨባው ይፈጥናል። ከእነርሱ ራቅ ብሎ ወጣቱ በሆታ እየዘለለ ይጨፍራል፤ በሌላው ወገን እስክስታው ይወርዳል፣ የሸዋ ኦሮሞ ረገዳም ይረገዳል።

ታዲያ የጉባኤው ጽሑፍ ይህን ሁሉ «ውዝዋዜ» ብሎ ይጥራው? መሪጌታው አይስማማም። እርሱ የሚያደርገው ማሕሌት ነው፤ ዘፈን ደግሞ ለእርሱ የዓለማዊ ደስታ ስም ነው። የሚያስገርመው ግን በግእዝ «ዘፈነ» ማለት ጨፈረ፣ አሸበሸበ ማለት መሆኑ ነው፤ በዛሬው አማርኛ ቃሉ ወደ ድምፅ አዘነበለ። እንግዲህ በአንድ ቃል ውስጥ እንኳ ይህን ያህል ታሪክ ካለ፣ በአንድ መንገድ ላይ የሚገናኙትን ማሕሌት፣ ሆታ፣ እስክስታና ረገዳ በአንድ የባዕድ ቃል መሸፈን የጥናቱን ጭብጥ ገና ሳይጀመር ማጥፋት ይሆናል።

የዓለም አቀፉም አሠራር ከጊዜ ወደ ጊዜ ተለውጧል። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ፣ መዝገቡ ከአመልካች አገር የሚጠይቀው ፎቶግራፍ፣ ፊልምና መግለጫ ብቻ አልነበረም፤ ቅርሱን የያዘው ማኅበረሰብ በዝግጅቱ መሳተፉንና ፈቃዱን በነጻነት መስጠቱን የሚያረጋግጥ ማስረጃም ጭምር እንጂ። በ1967ቱ አምስት ገጽና በዚህ ሰነድ መካከል ያለው ልዩነት ከ50 ዓመት ዕድሜ ይበልጣል፤ የመናገር መብት ከተመልካች ወደ ባለቤት መሻገር መጀመሩን ያሳያልና።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት በሥራ ቅደም ተከተል ይገለጻል። አኅጽሮተ ጽሑፉ ተጽፎ ከመላኩ በፊት መሪጌታው፣ ጨፋሪዋና የሆታው አቀንቃኝ የሚሠሩትን ምን ብለው እንደሚጠሩት መጠየቅ፣ ስሙንም በራሳቸው ቋንቋ መጻፍ ይቀድማል። የዓይነት ክፍፍሉና የምልክት አጻጻፉ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ጉባኤው ሲያበቃም ከጽሑፉና ከፊልሙ አንድ ቅጂ ወደ አጥቢያው ሊመለስ ይገባል፤ ስለ እነርሱ የተባለውን አንብበው «ልክ ነው» ወይም «አይደለም» ለማለት ከሁሉ የሚቀርቡት እነርሱ ናቸውና።