ከተዋጊ አውሮፕላን ክንፍ የተነሳው ሊርጄት

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1958 አንድ የስዊዘርላንድ ተዋጊ ጄት በሙከራ በረራ ላይ ሳለ ኮንስታንስ ሐይቅ ውስጥ ወደቀ። ስሙ ፒ-16 ሲሆን፣ የሠራው በሐይቁ ዳርቻ ባለችው አልተንራይን የሚገኘው ኤፍኤፍኤ የተባለ ፋብሪካ ነው። መንግሥት 100 አውሮፕላኖች ለመግዛት የያዘውን ዕቅድ ብዙም ሳይቆይ ሰረዘ። መሐንዲሶቹ ዓመታት የደከሙበት ጠንካራ ክንፍ ባለቤት አጣ።

ክንፉን የፈለገው ሰው አሜሪካዊው ዊልያም ሊር ነበር። ሊር በ1902 በሚዙሪ ግዛት ሃኒባል ከተማ ተወለደ። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረም፤ ነገር ግን ለመኪና ሬዲዮ መወለድ አስተዋጽኦ አድርጓል፣ ለተዋጊ ጄቶች በሠራው አውቶፓይለትም ታዋቂውን የኮሊየር ሽልማት አግኝቷል። የኩባንያ ኃላፊዎች ለሥራ ጉዞ ትንሽና ፈጣን ጄት ይገዛሉ ብሎ አመነ። የራሱ ድርጅት የቦርድ አባላት ግን ገንዘብ ሊያወጡበት አልፈቀዱም። በ1960 በስዊዘርላንድ አዲስ ኩባንያ አቋቋመ፤ በኋላም በቀድሞው ድርጅት የነበረውን ድርሻ ሸጦ ሀብቱን በጄቱ ላይ አዋለ።

በአውሮፓ ሥራው ሲጓተትበት በ1962 ፊቱን ወደ ካንሳስ ግዛት፣ ወደ ዊቺታ አዞረ። ቦይንግ፣ ሴስና እና ቢችክራፍት ይሠሩባት የነበረች ከተማ በመሆኗ አውሮፕላን መገጣጠም የሚያውቅ ሠራተኛ ሞልቶባት ነበር። ሊር እዚያ ያደረገው ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በጊዜው የተለመደው መጀመሪያ አንድ የሙከራ አውሮፕላን በእጅ ሠርቶ፣ ፈትሾና አስተካክሎ፣ የፋብሪካ ማምረቻ መሣሪያዎችን ከዚያ በኋላ ማዘጋጀት ነበር። እሱ ግን መሣሪያዎቹን አስቀድሞ አዘጋጅቶ የመጀመሪያውን አውሮፕላን በእነሱ ሠራ። ንድፉ ስህተት ቢኖረው ኖሮ ያ ሁሉ ገንዘብ ከንቱ በቀረ ነበር።

ሊርጄት 23 ጥቅምት 7 ቀን 1963 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ክብደቱ ቀለል ያለ ደንብ በሚመለከታቸው ትናንሽ አውሮፕላኖች ጣሪያ፣ በ5,670 ኪሎ ግራም ውስጥ እንዲቆይ ተደርጎ የተነደፈ ነው። ሁለቱ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሞተሮች ከጦር አውሮፕላን ሞተር የተወለዱ ናቸው። የውስጥ ክፍሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ተሳፋሪ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም፤ ፍጥነቱ ግን ከትልልቆቹ የመንገደኛ ጄቶች ጋር ይፎካከር ነበር።

በሰኔ 1964 ያ የመጀመሪያው አውሮፕላን አንዱ ሞተር ሥራ ያቆመ ይመስል በሚነሳበት ሙከራ ላይ ወድቆ ተቃጠለ። አብራሪዎቹ በሕይወት ወጡ። ምርመራው እንዳሳየው ችግሩ በክንፉ ላይ ያሉት ስፖይለሮች (የክንፉን የማንሳት ኃይል የሚቀንሱ ሳንቃዎች) ሳይታጠፉ መቅረታቸው እንጂ የንድፍ ጉድለት አልነበረም። እዚህ ላይ ነው የሊር ድፍረት ፍሬ ያፈራው፦ ማምረቻ መሣሪያዎቹ ዝግጁ ስለነበሩ ሌላ አውሮፕላን ሙከራውን ቀጠለ፣ ገንዘብ ላጠረው ኩባንያም የኢንሹራንሱ ክፍያ ደረሰለት። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 31፣ የበረራ ብቃት ማረጋገጫው ተሰጠ። በጥቅምት የመጀመሪያው ደንበኛ አውሮፕላኑን ተረከበ፤ በቀጣዩ ዓመት ፍራንክ ሲናትራ ከገዢዎቹ አንዱ ሆነ።

የአሜሪካ ጋዜጦች የሊርን ስም አነሱ፣ ስሙም ይገባዋል። የፒ-16ን ክንፍ የነደፈው ሐንስ ሉዚየስ ሽቱደር ግን አብሮ ሊጠራ ይገባ ነበር፤ ሊርጄት የበረረው በእሱ ክንፍ መሠረት ነውና። ሊር በ1967 ኩባንያውን ለዴንቨሩ የጎማ ውጤቶች አምራች ለጌትስ ሸጠ፤ ከዚያም ኔቫዳ ውስጥ ወደምትገኘው ሬኖ ሄዶ በእንፋሎት ኃይል የሚሄድ አውቶቡስ ለመሥራት ተነሳ።