የገና ጨዋታና የአዳዲስ ተጫዋቾች አመራረጥ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ

የገና ጨዋታ በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች፣ ታኅሣሥ 29 ቀን በሚውለው የልደት በዓል ሰሞን፣ ሁለት ወገኖች ቆልማማ ዱላ ይዘው ጥንግ እየለጉ የሚገጥሙበት ጥንታዊ የሜዳ ጨዋታ ነው። በውጭ አገር ሆኪ ከሚባለው ጨዋታ ጋር ያለው ተመሳሳይነት ለማንም ግልጽ ነው። ስለ ጨዋታው ሲጻፍ ግን አዘውትሮ የሚወሳው የበዓሉ ድምቀት እንጂ ወጣቱ ወደ ጨዋታው የሚገባበትና የሚፈተንበት መንገድ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የምሥራቅ ጎጃሞቹን ቢቸናንና ሞጣን መነሻ በማድረግ ይህንኑ መንገድ መመርመር ነው።

ቢቸናና ሞጣ በቀድሞው የጎጃም ክፍለ ሀገር የየስማቸው አውራጃዎች ዋና ከተሞች ነበሩ። በዙሪያቸው ያለው ደጋ በጤፍ አምራችነቱ የታወቀ ነው። የጨዋታው ወቅትም ከእርሻው ሥራ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ይኸውም አዝመራው ሲሰበሰብ ማሳው ለከብት ስለሚለቀቅ እረኛው ልጅ ሰፊ ሜዳ ያገኛል። ዱላው ከጫፉ የቆለመመ እንጨት ተመርጦ ይቆረጣል፤ ጥንጉም ከእንጨት ይጠረባል ወይም ከጠፍር ይጎነጎናል። በመሆኑም ጨዋታውን ለመልመድ ገንዘብ አያሻም ነበር። የጀማሪው የመጀመሪያ ትምህርት ቤት የከብት መሰማሪያው መስክ ነበር ማለት ይቻላል።

ትልቁ ግጥሚያ ሲደርስ አንዳንድ ጊዜ መንደር ከመንደር ይገጥማል፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለት የቡድን አባቶች ተራ በተራ እየጠሩ ሰው ይመርጣሉ። የአዲሱ ልጅ ደረጃ የሚታወቀው በዚህ ምርጫ ነው። ቀድሞ የተጠራ ይከበራል፤ በመጨረሻ የቀረ ለከርሞ ይዘጋጃል። የጽሑፍ መዝገብ በሌለበት ጨዋታ የቡድን አባቱ የሚመራበት ማስረጃ ተመልካቹ ያየውና የተነጋገረበት ብቻ ነው። ስለዚህ በሜዳው ዳር የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ «የእገሌ ልጅ ሯጭ ነው፤ አመታቱ ግን ገና ነው» ቢባባሉ ነገሩ ተራ ወሬ አይደለም፤ በቃል የሚተላለፍ የችሎታ ምዘና ነው።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1809 እና በ1810 በትግራይ ተዘዋውሮ በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በዚያ «ቀርሳ» ስለሚባለው ተመሳሳይ ጨዋታ ጽፏል። እንደ እርሱ አገላለጽ መንደሮች በሙሉ እርስ በርስ ይፈታተናሉ፤ ኃይላቸው የተመጣጠነ ከሆነም ግጥሚያው የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ይወስዳል፤ አሸናፊዎቹም እየጨፈሩ ሲመለሱ ሴቶች በደስታ ጩኸት ይቀበሏቸዋል። ጨዋታው ይህን ያህል የሚረዝም ከሆነ አዋቂዎቹ ሲደክሙ ተተኪ ወጣቶች ማስፈለጋቸውን ለመገመት አያዳግትም።

ጀማሪን በደረጃ ማሳደግ ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። በቢቸና አቅራቢያ የሚገኙት ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የታወቁ ናቸው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በወጣትነታቸው በእነዚህ ጉባኤዎች ተምረዋል። በቅኔ ቤት አዲስ የመጣ ተማሪ ወዲያው መወድስ አይጠየቅም። ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ አልፎ፣ ቀስ በቀስ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። የገና ጨዋታ ግን እንዲህ ያለ የታወቀ መሰላል አልነበረውም። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ በእኩልነት ይጋፋሉ፤ ለደረሰው ጉዳትም ቂም መያዝ ነውር ነው። ይህ ልማድ ለአዋቂዎች መልካም ቢሆንም፣ ዕድሜው ያልደረሰን ልጅ ከዱላ ምት አያድነውም።

በውጭው ዓለም ሆኪ የተለየ ጉዞ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ1886 በለንደን የሆኪ ማኅበር ተቋቁሞ ደንቡ ወጥ ሆነ፤ በ1908ም ጨዋታው በኦሊምፒክ ውድድር ገባ። በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ኮሌጆች በበረዶ ላይ ለሚካሄደው ሆኪ በየዓመቱ ወጣቶችን ይመለምላሉ፤ ደጋፊዎችም የመጪውን ዓመት ምልምሎች በስም እየጠሩ ማን እንደሚበልጥ ይከራከራሉ። ክርክሩ በሜዳው ዳር ከሚሰማው የሽማግሌዎች ክርክር በመሠረቱ አይለይም። ልዩነቱ የእነዚያ በመዝገብ የተደገፈ መሆኑ ነው፤ የእኛ ግን ከተናጋሪው ሽማግሌ ጋር ያልፋል።

በኢትዮጵያም የገና ጨዋታ ከባህል ስፖርቶች አንዱ ሆኖ የውድድር ደንብ ወጥቶለታል። ሆኖም ደንብ ብቻውን ተጫዋች አያፈራም። ልጁ ቀኑን ከከብት ጥበቃ ይልቅ በትምህርት ቤት በሚያሳልፍበት ጊዜ፣ የቀድሞው መልመጃ መስክ ተተኪ ካላገኘ ጨዋታው የበዓል ትርኢት ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ይህን ክፍተት ለመሙላት የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ጀማሪዎችን በዕድሜ ቢመድቡ፣ ለሕፃናት ቀላል ዱላና ለስላሳ ጥንግ ቢያዘጋጁ፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጋብዘው ጥሩ ተጫዋች የሚለይባቸውን ምልክቶች ቢመዘግቡ ይበጃል። ጨዋታው በልማድ የወንዶች ብቻ ሆኖ በመቆየቱም፣ ሴት ተማሪዎች የሚሳተፉበትን መንገድ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል። ይህ ሥራ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ነገር ግን የሚያስታውሱት አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ መጀመር ይኖርበታል።