ድባቴና ስልካችን፦ ዘጠኙ ጥያቄዎች ምን ይጠቅማሉ?

«ደብሮኛል» ሁላችንም የምንላት ቃል ናት። ድባቴ ግን ሕመም ነው። ሐዘኑ ወይም ምንም ነገር ደስ አለማለቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና ጉልበትም ይዛባሉ። ይታከማል። ችግሩ፣ ብዙ ሰው ሕክምና ይጀምርና መሃል ላይ ይጠፋል። ቴክኖሎጂ የሚያግዘው እዚህ ጋ ነው።

📌 ፒኤችኪው-9 ምንድን ነው?

ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ27 ይያዛል። ከ5 ጀምሮ ቀላል፣ ከ10 መካከለኛ፣ ከ20 ጀምሮ ደግሞ ከባድ ምልክት ነው። የአማርኛው ቅጂ አዲስ አበባ ውስጥ በታካሚዎች ላይ ተፈትሿል።

ነጥቡ ብቻውን «ድባቴ አለብህ» አያሰኝም፤ ያንን የሚለው ባለሙያ ነው። ዋናው ጥቅሙ ሲደጋገም ነው። 18 የነበረ ሰው ከሁለት ወር በኋላ 9 ከሆነ ሕክምናው እየሠራ ነው። እዚያው 17 ላይ ከቆመ ግን ሐኪሙ ሕክምናውን እንደገና ማየት አለበት።

📌 በተግባር ታይቷል?

አዎ። አሜሪካ ውስጥ 1,801 አረጋውያን የተሳተፉበትና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ለአንደኛው ቡድን ክትትል የሚያደርግ ባለሙያ ተመደበ፤ ማን እንደተሻለው፣ ማን እንደቀረ በኮምፒውተር ይመዘግባል፣ ይደውላል። ከዓመት በኋላ ምልክታቸው በግማሽ የቀነሰላቸው 45 በመቶ ሆኑ። በተለመደው ሕክምና 19 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው ኮምፒውተሩ ብቻ ሳይሆን መዝገቡን አይቶ የሚደውለው ሰው ጭምር ነው።

📌 እኛ ምን እናድርግ?

🔹 ነጥባችሁን ከነቀኑ ስልካችሁ ላይ ያዙ፤ ቀጠሮ ላይ ለሐኪሙ አሳዩት።

🔹 ለመድኃኒት አላርም ሙሉ። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈልጋል፤ «አልሠራልኝም» ብላችሁም ሆነ «ተሻለኝ» ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ።

🔹 ስልካችሁን ቆልፉ። ስምና ስልክ ቁጥር የሚጠይቅ አፕ ካጋጠማችሁ መረጃው የት እንደሚሄድ ሳታዩ አትሙሉ።

⚠️ 9ኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ነው። መልሱ ከ0 ካለፈ ድምሩን አትጠብቁ። ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩና ባለሙያ ጋ ሂዱ። ሐሳቡ ከበረታ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ጥሩ።

ከቀጠሮ የቀረ ጓደኛ ካላችሁ፣ ዛሬ ደውሉለት።