የደረቀው ሐይቅ ትምህርት፦ ከሑላ እስከ ኪኔሬት



«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት በእጁ ያለውን ሀብት ሳያውቅበት ስለሚቸገር ሰው የተነገረ ነው። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር የመጣነው ከጎንደርና ከአካባቢው፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚበልጠው ከጣና አገር ነው። እዚህ የተቀበለን የኪኔሬት ሐይቅ ግን ስፋቱ ከ170 ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በእስራኤል ያለው ብቸኛ ትልቅና ጨዋማ ያልሆነ ሐይቅ እርሱ ነው።

ሁልጊዜ ግን ብቻውን አልነበረም። ከእርሱ በስተሰሜን ሑላ የሚባል ሌላ ሐይቅ ነበር። ይህ ጽሑፍ ያ ሐይቅ እንዴት እንደደረቀ፣ ስለ እርሱ የተቆጩት እነማን እንደነበሩና የእነርሱ ቁጭት ለእኛ ምን እንደሚያስተምረን ይተርካል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሑላ ምን ይመስል ነበር?

የዮርዳኖስ ወንዝ ከሰሜን ተራሮች ወርዶ ኪኔሬት ከመግባቱ በፊት በሑላ ሸለቆ ያልፋል። በዚህ ሸለቆ ውስጥ እስከ 1950ዎቹ ዓመታት ድረስ ጥልቀት የሌለው ሐይቅና ሰፊ ረግረግ ይገኝ ነበር። ረግረጉን የሸፈነው ደንገል ነው። ያው በጣና ዳር ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ማለት ነው። በሥፍራው ይኖሩ የነበሩ ዐረቦች ከደንገሉ ምንጣፍ እየሠሩ፣ ጎሾቻቸውንም በረግረጉ እያሰማሩ ይተዳደሩ ነበር። እነርሱም በ1948ቱ ጦርነት ጊዜ ከዚያ ተፈናቅለዋል።

ሐይቁ ለዓሣና ለወፍ ገነት ቢሆንም ለሰው ግን የወባ ቤት ነበር። በ1883 ዬሱድ ሀማዓላ የተባለችውን መንደር በሐይቁ ዳር የቆረቆሩ አይሁድ ብዙ ወገናቸውን በዚህ በሽታ ቀብረዋል።

ወባ ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። በ1952 እና በ1953 ከጣና በስተሰሜን በሚገኘው በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችን መፍጀቱን ሽማግሌዎቻችን ያስታውሱታል። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1954 የተከፈተው ከዚያ መከራ በኋላ ነው። በእርግጥ ጣና ሊደርቅ የሚችል ሐይቅ አይደለም። ስለዚህ በደምቢያ የተገኘው መፍትሔ በየገጠሩ እየዞሩ ሕዝቡን የሚያክሙና የሚያስተምሩ የጤና ሠራተኞችን ማሠልጠን ሆነ። በሑላ ግን ሐይቁን ማስወገድ ይቻል ነበርና ያው ተመረጠ።

ሰባት ዓመት የፈጀው ሥራ

የማድረቁን ሥራ በ1951 የጀመረው ኬሬን ካዬሜት ለእስራኤል ነው። የዮርዳኖስ ወንዝ መውጫ በጥልቀት ተቆፈረ፤ በሸለቆውም ቦዮች ተዘረጉ። በ1958 ሥራው ሲያበቃ ሐይቁ አልነበረም።

በዚያ ዘመን ይህ እንደ ጀግንነት ተቆጥሮ ነበር። መንግሥቱ ገና አዲስ ነው፤ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ስደተኞች ከየአገሩ ገብተዋል፤ መሬትና ምግብ ይፈለጋል። ስለዚህ ሥራውን የሠሩትን ሰዎች ክፉዎች ናቸው ማለት አይገባም። ልጁን በወባ የቀበረ ሰው ረግረግን ቢጠላ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ወባው በፀረ ተባይ መድኃኒት ከወዲሁ ተዳክሞ ነበር። የቀረው ዋና ምክንያት የእርሻ መሬት ማግኘት ነበር።

የተገኘው መሬትም እንደታሰበው አልሆነም። የሸለቆው ጥቁር አፈር በብዙ ሺሕ ዓመታት ከበሰበሰ ደንገልና ሣር የተሠራ ነው። ውኃው ሲለየው ደረቀና ዱቄት ሆነ። ነፋስ አቧራውን ያነሣው ጀመር፤ ከመሬት በታችም እሳት እየተነሣ ይጨስ ነበር። መሬቱ ከዓመት ዓመት ዝቅ አለ፤ የእርሻ አይጥ በዛ፤ በብዙ ሥፍራ ገበሬው ማሳውን እየተወ ሄደ።

ከዚህ የባሰው ጉዳት ደግሞ ከሸለቆው ወጥቶ ሌላ ሥፍራ ደረሰ። ረግረጉ ቀድሞ የዮርዳኖስን ውኃ እንደ ወንፊት ያጣራ ነበር። ወንፊቱ ሲጠፋ፣ ከደረቀው አፈር የሚታጠበው ማዳበሪያ የመሰለ ንጥረ ነገር በወንዙ እየወረደ ኪኔሬት ይገባ ጀመር። ይህ በበዛ ቁጥር የውኃ ሽበት ይበዛል፤ የመጠጥ ውኃም ይበላሻል። ሐይቆችም እንደ ሰው ዝምድና አላቸው። አንዱ ሲሞት ሌላው ይታመማል።

«ተው» ያሉት ሰዎች

ሥራው ሲጀመር ዝም ያላሉ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። የተፈጥሮ ተመራማሪዎችና አስተማሪዎች ናቸው። ጥያቄያቸውም «ሁሉንም አታድርቁት፤ ትንሽ እንኳ ለልጆቻችን አስቀሩ» የሚል ነበር። ከዚህ ትግል በ1953 የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር፣ በዕብራይስጥ «ሀሔቭራ ለሀጋናት ሀቴቫ» የሚባለው ተወለደ። ከመሥራቾቹ መካከል ዓዛሪያ አሎንና አሞጽ ዘሃቪ ይገኙበታል።

ማድረቁን ሊያስቆሙ አልቻሉም። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ረግረግ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ተረፈ። እርሱም በ1964 በእስራኤል የመጀመሪያው የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ታወጀ። ተሸነፉ ሲባሉ ለሚቀጥለው ትውልድ ዘር አስቀሩ ማለት ነው።

እነዚሁ ሰዎች በ1960ዎቹ ዓመታት የሜዳ አበባ እንዳይቀጠፍ ሕዝቡን ማስተማር ጀመሩ። ትምህርቱ የገባው በመዋዕለ ሕፃናት በኩል ነው። ሕፃናቱ ቤት ገብተው ወላጆቻቸውን «አባዬ አትቅጠፍ፣ የተከለከለ ነው» ይሉ ጀመር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገሩ ልማድ ተለወጠ። ልጆቻችን ቋንቋውን ከእኛ ቀድመው በሚለምዱበት በዚህ ጊዜ ይህን ታሪክ ልብ ልንለው ይገባል።

የተመለሰውና ያልተመለሰው

ስሕተቱ ታምኖበት በ1994 ከሸለቆው አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል መሬት እንደገና በውኃ ተሞላ። «አጋሞን ሀሑላ» ይባላል፤ ትንሹ ሐይቅ ማለት ነው። ዛሬ በየክረምቱ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ቁራቁር የሚመስል ድምፅ ያላቸው ረጃጅም ወፎች፣ በዕብራይስጥ «ዓጉር» የሚባሉት፣ እዚያ ያርፋሉ። ከ1996 ጀምሮ ከምድር ጠፍታለች ተብላ የነበረች፣ በሑላ ብቻ የምትኖር ሆደ ጥቁር እንቁራሪትም በ2011 በጥብቅ ሥፍራው ውስጥ ተገኘች። ያቺ የተረፈች ቁራሽ ረግረግ ባትኖር መሸሸጊያ ባልኖራት ነበር። ከሐይቁ ጋር የጠፉ ሁለት ዓይነት ዓሦች ግን አልተመለሱም። በሰባት ዓመት የጠፋው በሰባ ዓመትም ሙሉ በሙሉ አልተተካም።

ኪኔሬት በማን እጅ ነው?

በ1964 የኪኔሬትን ውኃ እስከ ደቡብ የሚያደርሰው ብሔራዊ የውኃ መሥመር ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ሐይቁ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ዋና የመጠጥ ውኃ ምንጭ ነበር። ውኃው ከባሕር ጠለል በታች 213 ሜትር ላይ ሲደርስ ቀዩ መሥመር ይባላል። ከዚያ ሲያልፍ ያሰጋል፤ ምክንያቱም ከሐይቁ ሥር ጨዋማ ምንጮች ስላሉ የላዩ ውኃ ክብደት ሲቀንስ ጨው ወደ ላይ ይወጣል። በ2001 ውኃው እስከ 214.87 ሜትር ወረደ።

ከ2005 ጀምሮ የባሕር ውኃን ጨው የሚያስወግዱ ትላልቅ ፋብሪካዎች ሥራ ጀመሩ። ነገር ግን ፋብሪካ ብቻውን አልበቃም። በ2009 በነበረው ድርቅ ቤተሰቡ ሁሉ ውኃ እንዲቆጥብ በቴሌቪዥን ተለመነ፤ ፊታቸው እንደ ደረቀ መሬት የሚሰነጠቅ ታዋቂ ሰዎችን ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። የቤት ፍጆታም በእውነት ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጨው የወጣለት የባሕር ውኃ ወደ ኪኔሬት መልቀቅ ተጀመረ። ሐይቁ አጠጥቶን ኖረ፤ አሁን ሰው ሐይቁን ማጠጣት ጀመረ።

የእኛ ድርሻ

«እኛ አዲስ መጪዎች ነን፤ ይህ የእነርሱ ጉዳይ ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። እንዲህ ማለት ግን ያወቅነውን መርሳት ነው። የመንጻት ሥርዓታችን ወራጅ ውኃ ስለሚጠይቅ የቤተ እስራኤል መንደሮች በወንዝ ዳር ይቆረቆሩ ነበር። ከላይ የሚቀዳውን ለመጠጥ፣ ከታች ያለውን ለልብስና ለከብት መለየት በየመንደሩ የታወቀ ነው። ከውኃው በታች የሚኖር ጎረቤት እንዳለ የሚያስብ ሰው ብቻ እንዲህ ያደርጋል። የሑላ መሐንዲሶች የዘነጉት ይህንኑ ነው።

በአገር ቤትም ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው አረም ጣናን ሲወር፣ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉ ኖረዋል። ማሽን እስኪመጣ አልጠበቁም።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች፣ በኪኔሬት ዳር ለመዝናናት ስትሄዱ ያመጣችሁትን ፌስታል ይዛችሁ ተመለሱ። ቤት ውስጥ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ቶሎ አሠሩት። ልጆች ከትምህርት ቤት ስለ ሑላ ተምረው ሲመጡ፣ እናንተ ደግሞ ውኃ ከወንዝ በእንስራ ይቀዳ የነበረበትን ጊዜ ንገሯቸው። ሽማግሌዎች የሚያውቁትና ልጆች የሚማሩት አንድ ላይ ሲገናኝ ሐይቁ ጠባቂ አያጣም። ማየ ሕይወት ከቧንቧው ጀርባ ያለ ሐይቅ መሆኑን የሚያውቅ ቤተሰብ በዚህ አገር እንግዳ አይባልም፤ ባለቤት ነው።