ከ«የግል» እና ከ«የቀበሌ» ሌላ

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወዳጄ ለጥቂት ቀን ሐረር ወሰደኝ። ከተማሪዎቹ ጋር ጀጎል ውስጥ ያሉ የድሮ ቤቶችን እየዞሩ ሊመዘግቡ ነበርና ስልክ ላይ የሚሞላ ቅጽ እንድሠራላቸው ፈልጎ ነው። ለእኔ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። የቤቱ ስፋት፣ የክፍሎቹ ብዛት፣ የጣሪያው ዓይነት፣ ከዚያ «የቤቱ ባለቤት ማነው?» የሚል ጥያቄ። ለዚህ ሁለት ምርጫ አስቀመጥኩ፦ የግል እና የቀበሌ። ሦስተኛ ምን ሊኖር ይችላል ብዬ?

በሦስተኛው ቀን ከአንድ ትንሽ መስጊድ ጀርባ፣ በኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ ያላት አንዲት ክፍል ደረስን። ደጃፉ ላይ የተቀመጡትን እናት ቤቱ የማን እንደሆነ ጠየቅናቸው። «የመስጊዱ ነበር ልጄ» አሉ። «ድሮ እናቴ እዚህ ስትኖር ምንም አትከፍልም። ኋላ የቀበሌ ነው ተባለ። እኔ ለቀበሌ ትንሽ ነገር እከፍላለሁ።» ተማሪው ስልኩን ይዞ ዞር ብሎ አየኝ። የትኛውን ይጫን?

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላም ይህች ጥያቄ አልለቀቀችኝም። መልሱን ፍለጋ ስገባ ነገሩ ሁሉ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ላይ ወሰደኝ።

የዚያን ዕለት ደርግ «የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ለማድረግ» የሚለውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። ገጠሩ ቀድሞ፣ በዚያው ዓመት የካቲት፣ በሌላ አዋጅ ተወርሶ ነበር። የከተማው አዋጅ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይበቃዋል፣ የቀረው ትርፍ ነው፣ ትርፉ ደግሞ የመንግሥት ነው። ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። አከራይና ተከራይ የሚባል ግንኙነት እንዲቀር ተደረገ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራይም ቀነሰ፤ ዝቅተኛ ኪራይ ባላቸው ቤቶች ላይ ቅናሹ እስከ ግማሽ ይደርስ ነበር።

በነገራችን ላይ ቀበሌ ራሱ የተወለደው በዚህ አዋጅ ነው። መታወቂያ የምናወጣበት፣ ማኅተም የምንለምንበት ቢሮ መጀመሪያ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሆኖ የተቋቋመው ቤት እንዲያስተዳድር፣ ከሚሰበስበው ኪራይ የሰፈሩን አገልግሎት እንዲሠራ፣ በፍርድ ሸንጎው ደግሞ የቤት ክርክር እንዲዳኝ ነበር። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው ሃያ ምናምን ዓመት ቀበሌ ስመላለስ የኖርኩት።

አዋጁን እንደ ክፉ ነገር ብቻ ማንበብ ልክ አይመስለኝም። ከዚያ በፊት የነበረው የከተማ ቦታና ቤት በጥቂት መኳንንትና ባለሀብቶች እጅ ነበር፤ ተከራዩ ነገ ውጣ ቢባል የሚሄድበት የለም። «ፍትሐዊ መኖሪያ» የሚለውን ሐሳብ በዚህች አገር በሙሉ ኃይሉ የሞከረ ሕግ ካለ ይኸው ነው። ችግሩ ሕጉ ዓለምን የሚያይበት መነጽር ሁለት ነገር ብቻ ያሳይ ነበር፦ አከራይ እና ተከራይ። ልክ እንደ እኔ ቅጽ።

ጀጎል ግን በእነዚህ ሁለት ሳጥኖች አትገባም። ግንቡ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው፤ ውስጡ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መቃብር ስፍራዎች አሉ፤ ከመስጊዶቹ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። መስጊድ ደግሞ በአየር አይኖርም። መብራቱ፣ ምንጣፉ፣ የቁርኣን አስተማሪው፣ ደጃፉ ላይ የሚያድረው ችግረኛ ሁሉ ገቢ ይፈልጋል። እስልምና ለዚህ ያለው መፍትሔ ወቅፍ ነው። አንድ ሰው ቤቱን ወይም እርሻውን ለዘለቄታው ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ገቢው ለተባለው በጎ ሥራ ይውላል። የተወሰነው ቤት ይከራያል፤ የተወሰነው ደግሞ ለአስተማሪው ወይም ለምስኪን ያለ ኪራይ ማደሪያ ይሆናል። ዛሬ «የማኅበራዊ አገልግሎት መኖሪያ አቅራቢ» የምንለው ድርጅት ሥራው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ፕሮፖዛል አይጻፍበትም።

በ1967ቱ አዋጅ ዓይን ግን ወቅፍ ትርፍ ቤት ነው። ማምለኪያው አልተነካም፤ ማምለኪያውን የሚያኖረው ቤት ግን ተወሰደ። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም በየከተማው የምታከራያቸውን ቤቶች እንዲሁ አጣች። ጉዳዩ የአንድ ሃይማኖት አልነበረም። አዋጁ የሚጠይቀው «ስንት ቤት አለህ?» ብሎ ነው እንጂ «ቤቱን ምን ታደርግበታለህ?» ብሎ አልነበረም።

ሐረር ላይ ቆጠራው ሌላም ጣጣ ነበረው። የሐረሪ ቤት፣ ጌ ጋር የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ለብቻው አይቆምም። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሦስት ቤት ፊት ለፊት ይተያያል፤ የአጎት ልጅ፣ ባሏ የሞተባት እህት፣ ከገጠር የመጣ ዘመድ ተጠግቶ ይኖርበታል። ውስጡ ነደባ በሚባሉት ደረጃ በደረጃ ከፍ ባሉ መቀመጫዎች የተሠራ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር ይለያል። ኪራይ የሚባል ነገር የለም። ግን ቤት ቆጣሪ ሲመጣ አንዱ የቤተሰቡ ነው፣ ሌላው ትርፍ። በዚያ ላይ በ1940 ዓ.ም. ከነበረው የፖለቲካ አፈና በኋላ ብዙ ሐረሪዎች ከተማቸውን ለቀው አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ገብተው ነበር። እዚያ ለሚኖርበት ቤት ባለቤት የሆነ ሰው የሐረሩ ቤት ምን ሊባልለት ነው? ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረበት።

ከግንቡ ውጭ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቤት ሰጪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያን ሐረር ላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማቆያ ከፈቱ። በኋላ ዶክተር ዣን ፌሮን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ለዓመታት እነዚሁን ሕሙማን አከመ፤ ሰፈሩ ዛሬም ገንደ ፌሮን ይባላል፣ የፌሮን መንደር ማለት ነው። የእሱ ሥራ ወሬ ጀርመን ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1957 ዉርዝቡርግ ከተማ ውስጥ አንድ የእርዳታ ድርጅት እንዲመሠረት ምክንያት ሆነ፤ ያ ድርጅት ነው ከሐረር ወጣ ብሎ የቢሲዲሞን ሆስፒታል ያቋቋመው። የሥጋ ደዌ ታማሚ ገንዘብ ቢኖረው እንኳ ማን ያከራየዋል? ለዚህ ሰው የኪራይ ቅናሽ ትርጉም የለውም። እሱን ያስጠጋው ቤት ስላለው ለማስጠጋት የወሰነ አካል ነው፣ አንዳንዴ ሚሲዮን፣ አንዳንዴ መስጊድ፣ አንዳንዴ ቤተ ክርስቲያን።

አሁን ወደ እናታችን ክፍል ልመለስ፤ ምክንያቱም እሳቸው ጋ ስሌቱ እንደጠበቅኩት አልወጣልኝም። በንባቤ ብቻ ቢሆን ኖሮ «መንግሥት የድሆችን ቤት ወሰደ» ብዬ እዘጋው ነበር። እሳቸው ግን ያሉን ሌላ ነው። እናታቸው ምንም ባትከፍልም የመስጊዱ ሰዎች ፊት እንዳይጠቁርባት ስትሳቀቅ እንደኖረች አጫወቱን። እሳቸው ደረሰኝ አላቸው። ደረሰኙን በፌስታል ጠቅልለው አስቀምጠውታል፤ አውጥተው አሳዩን። ማንም ተነስቶ ውጪ ሊላቸው አይችልም። ምጽዋት የማይሰጠው ነገር ይኸ ነው፤ መብት።

ጣሪያው ግን ያፈሳል።

የሐረር ቤት ያለ እንክብካቤ አይቆይም። ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ኖራው በየጊዜው መታደስ አለበት፣ በተለይ ረመዳን ሲቃረብ። ባለወቅፉ ይህን የሚያደርግበት ገቢ ነበረው፤ ከአምስቱ ቤት የአራቱ ኪራይ አምስተኛውን ያድሳል። ቀበሌ ግን የተረከበው ቤቱን ከተቀነሰው ኪራይ ጋር ነው፤ ያ ኪራይም ብሩ እየረከሰ በሄደበት ዘመን ሁሉ እዚያው ቆሞ ቀረ። በዚያ ሳንቲም ማን ግድግዳ ይለቀልቃል? ተከራዩስ የእኔ ባልሆነ ቤት ላይ ለምን ገንዘብ ያፍስስ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ቅርስ የሆነን ነገር ያለ ፈቃድ መለወጥ ይከለክላል። በ1998 ዓ.ም. ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረች። ስለዚህ እኚህ እናት ቆርቆሮ ልለጥፍ ቢሉ ከቀበሌም ከቅርስ ቢሮም ፈቃድ ሊጠየቁ ነው። የመጠገን ግዴታው ግን በተግባር የማንም አይደለም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ይመለሳል ያሉ ነበሩ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 አግባብ ካለው አዋጅ ውጭ የተወሰደን ንብረት ለማየት በር ከፈተ። ቃሉን ልብ በሉ፦ ከአዋጅ ውጭ። በአዋጅ 47 መሠረት በሥርዓት የተወረሰ ቤት በዚህ በር አይገባም። በጉልበት የተቀማ ሰው ተስፋ አለው፤ በሕግ የተወሰደበት የለውም።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 መጣ። ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ መንግሥት በሚያወጣው ልክ ብቻ እንዲሆን ይላል። እኔም ተከራይ ነኝ፤ ስሰማው ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን ሳነበው ያው ሁለት ሳጥን ታየኝ። አራት ክፍል አከራይቶ በአምስተኛው ችግረኛ የሚያስጠጋ አንድ እድር ወይም አፎቻ ቢኖር፣ በዚህ ሕግ ፊት ከማንኛውም አከራይ በምን ይለያል? የአራቱ ኪራይ ሲታሰር አምስተኛው በማን ኪስ ይታደሳል? ተከራዩን መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ለአምስተኛው ክፍል ግን አንድ አንቀጽ ማሰብ ከባድ አልነበረም።

ያን ቀን ማታ ሆቴል ገብቼ ቅጹን አስተካከልኩ። «ሌላ፣ ይግለጹ» የሚል ጨመርኩ፣ ከሥሩም ባዶ መስመር። በማግስቱ ተማሪው ተመልሶ ሄዶ ሞላው፦ «የመስጊድ የነበረ፣ አሁን የቀበሌ፣ ነዋሪዋ በእናታቸው የገቡ።» ለዳታቤዝ የማይመች፣ ለመቁጠር የማይሆን ዓረፍተ ነገር።

እናትየው ስልኩን ትኩር ብለው ሲያዩት ነበር። «ይኸ ከተመዘገበ ጣሪያውን ይሠሩልኛል?» አሉ። ተማሪው ወደ እኔ ጠቆመ፣ «እሱ ነው የሠራው» አለ። እኔ የስልኩን ብቻ ነው የምሠራው አልኳቸው። «እንግዲያው ጻፈው፣ ጻፈው» አሉና ደረሰኛቸውን ወደ ፌስታሉ መለሱ።